ታሪካዊ ሕንፃ ላይ ለውጥ ለማድረግ ፈቃድ እንዴት ይወጣል? ከመዝገብ ፍለጋ እስከ ሥራው ርክክብ

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ላይ መስኮት ለመቀየር፣ ክፍል ለመጨመር ወይም ግድግዳ ለመለሰን የሚያስፈልገው ፈቃድ ከተራው የግንባታ ፈቃድ ይለያል። የግንባታ ፈቃድ ሰጪው የሚያየው የሚሠራውን ነው፤ ይቆማል ወይ? እሳት ቢነሳ ሰው ይወጣል ወይ? የቅርስ ፈቃድ ሰጪው ግን አስቀድሞ የሚያየው የሚጠፋውን ነው። ምን ይነሳል? ምን ይሸፈናል? የተነሳው ነገ ልመልሰው ቢባል ይመለሳል? ብዙ ማመልከቻ ውድቅ የሚሆነው ንድፉ ስለከፋ ሳይሆን፣ አመልካቹ ስለሚሠራው አዲስ ነገር አሥር ገጽ ጽፎ ስለ ነባሩ አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ ስለሚመጣ ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች ሁሉ የተደራጁት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

1. ሕንፃው በየትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ ያጣሩ

"ቅርስ ነው" መባሉ ብቻ ምንም አይነግርዎትም። ሕንፃው ብቻውን ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ራሱ ሳይመዘገብ በተከለለ ታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ሊወድቅም ይችላል። ወይም ደግሞ ምንም ታሪክ የሌለው ቤት ሆኖ ከአንድ ትልቅ ቅርስ አጠገብ በመገኘቱ ብቻ ገደብ ሊጣልበት ይችላል። በፈረንሳይ ለምሳሌ የተለየ ወሰን ካልተበጀ በስተቀር በተመዘገበ ሐውልት ወይም ሕንፃ ዙሪያ 500 ሜትር ድረስ፣ ከቅርሱ ጋር የሚተያይ ሥራ ሁሉ የመንግሥት አርክቴክት ይሁንታ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ማጣራት የሚያስፈልገው መዝገቡ የማነው የሚለው ነው። በአሜሪካ አንድ ቤት በብሔራዊው መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ የሚሠራውን አይከለክልም፤ የሚያስረው የከተማው ደንብ ነው። ቻርልስተን በ1931 (ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የታሪካዊ ሰፈር ደንብ ያወጣችው፣ ኒውዮርክም የፔንሲልቫንያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ከጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 የራሷን ሕግ ያወጣችው በከተማ ደረጃ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የቅርስ ጥገና የሚካሄደው የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ብሔራዊውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ "ችግር የለም" የተባለ ሰው የከተማውን፣ የከተማውን የጠየቀም ብሔራዊውን ሳያናግር ሥራ መጀመር የለበትም።

ሦስተኛው ጥበቃው እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው። በአንዳንድ አገር ከመንገድ የሚታየው የፊት ገጽ ብቻ ይጠበቃል። በእንግሊዝ ግን የተመዘገበ ሕንፃ ማለት ውስጡም፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ዕቃም፣ በግቢው ከሐምሌ 1 ቀን 1948 በፊት (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተሠራው አጥርና ጓዳም ጭምር ነው። ስለ ደረጃው መደገፊያ ወይም ስለ ግቢ በሩ ማንም አይጠይቀኝም ብሎ የሚያስብ ባለቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መልሱን በቃል አይቀበሉ። የቦታውን ቁጥር ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተመዘገበበትን ቀን፣ የመዝገቡን ሙሉ ቃል፣ ጥበቃው የሚሸፍናቸውን ክፍሎችና ከዚህ ቀደም የተሰጡ ፈቃዶችን ቅጂ ይውሰዱ። የድሮ ፈቃዶቹ በተለይ ዋጋ አላቸው፤ ጎረቤት ተመሳሳይ ነገር ጠይቆ የተፈቀደለት ወይም የተከለከለበት ምክንያት እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

2. የሚያስቡት ሥራ ጥገና ነው ወይስ ለውጥ?

በአብዛኛው ደንብ ጥገና ወይ ፈቃድ አይፈልግም ወይ በአጭር መንገድ ያልቃል፤ ለውጥ ግን ሙሉ ማመልከቻ ይፈልጋል። ድንበሩ የት ነው? አንድ ነገር ጥገና የሚባለው ቁሱ፣ መጠኑና አሠራሩ ሦስቱም ሳይለወጡ ሲቀሩ ነው። የበሰበሰን የመስኮት ግርጌ በዚያው ዓይነት እንጨት፣ በዚያው ውፍረትና በዚያው መገጣጠሚያ መተካት ጥገና ነው። ያው ቅርጽ በፕላስቲክ ከተሠራ ግን ከመንገድ ሲታይ ቢመሳሰልም ለውጥ ነው።

ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው፣ ግን ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሚፈልጉ ሥራዎች አሉ፦ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ጡብ ወይም ድንጋይ መቀባት፤ ግድግዳን በአሸዋ ግፊት ማጠብ (የጡቡን የተቃጠለ ቆዳ ገፎ ውስጡን ለውኃ ያጋልጣል)፤ የማቀዝቀዣ ማሽን ወይም ዲሽ መስቀል፤ ለኤሌክትሪክ መስመር የቆየ ልስንን መቦርቦር፤ የውስጥ በር አውልቆ ማስቀመጥ፤ የጣሪያ ክዳንን በሌላ ቁስ መቀየር፤ አጥር ማፍረስ። ሰፈሩ ከተከለለ ዛፍ መቁረጥም ሊገባበት ይችላል።

ግድግዳ ሊወድቅ ሲል ፈቃድ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ነገር ግን ድንገተኛ አደጋ ሁሉን አይፈቅድም። የእንግሊዝ ሕግ የሚያስቀምጠው መለኪያ ለየትኛውም ቦታ ጥሩ መመሪያ ነው፦ ሥራው ለሰው ደኅንነት ወይም ለሕንፃው መትረፍ በአስቸኳይ አስፈላጊ መሆን አለበት፤ በጊዜያዊ ድጋፍ ወይም መጠለያ መወጣት የማይቻል መሆን አለበት፤ የተሠራው ከሚያስፈልገው አነስተኛ መጠን ማለፍ የለበትም፤ ለባለሥልጣኑም ሳይዘገይ በጽሑፍ መነገር አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ በእንጨት ወይም በብረት ይደግፉ፣ ሸራ ይወጥሩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ይጻፉ። ማፍረስ የመጨረሻው ነው።

3. ያለውን ይመዝግቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ርካሽም ነው። ከአርክቴክት ጋር ከመነጋገር በፊት እንኳ መጀመር ይቻላል።

*ፎቶ።* እያንዳንዱን የውጭ ገጽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ካሜራውን ሳያዘነብሉ ያንሱ፤ መጠን እንዲታወቅ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተከፋፈለ ዘንግ ግድግዳው ላይ ያስደግፉ። የውስጥ ክፍሎችን አራቱን ግድግዳ፣ ወለሉንና ኮርኒሱን ያንሱ። ከዚያ ዝርዝሩን፦ ማጠፊያ፣ መሸጎሪያ፣ የመስኮት ቅርጽ፣ የልስን ጠርዝ፣ ስንጥቅ፣ የውኃ ምልክት። ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይስጡና ቁጥሩን ከፕላኑ ላይ በቀስት ያመልክቱ። ቁጥርና አቅጣጫ የሌለው መቶ ፎቶ ለገምጋሚው ከምንም አይቆጠርም።

*ልኬት።* ያለውን ሁኔታ የሚያሳይ ፕላን፣ የየአቅጣጫው የፊት ገጽና ቢያንስ አንድ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ የሚያሳይ ንድፍ ያስፈልጋል። ለጠቅላላው 1፡100 ወይም 1፡50 ይበቃል። ለሚነካው ክፍል 1፡20፣ ለመስኮትና ለበር እንጨት ሥራ ደግሞ 1፡5 ወይም 1፡2 ይጠየቃል። የድሮ ቤት ማዕዘን ዘጠና ዲግሪ ነው ብለው አይነሱ፤ የክፍሉን ሰያፍ ሁለቱንም ይለኩ። ሰያፎቹ ካልተካከሉ ክፍሉ ጠማማ ነው፤ ንድፉም ጠማማ ሆኖ መሳል አለበት። አስተካክሎ የተሳለ ፕላን ሥራው ሲጀመር አዲሱን ነገር አላስገባ ይላል፤ ያኔ ግንበኛው ነባሩን መቁረጥ ይጀምራል።

*የመስኮትና የበር ሠንጠረዥ።* እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥተው ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ መስታወቱ አሮጌ መሆን አለመሆኑን፣ የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይጻፉ። "መስኮቶቹ ሁሉ በስብሰዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ገምጋሚ አያምንም። በሹል ነገር ሲወጋ የትኛው እንጨት እንደሚሰምጥ አንድ በአንድ ሲታይ ግን ብዙውን ጊዜ የተጎዳው የግርጌው አግዳሚና የቋሚዎቹ ታችኛ ጫፍ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ውኃ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ። ያ ከሆነ ሙሉ መስኮት መቀየር የሚል ጥያቄ ራሱ ይወድቃል።

*ቁስ።* ግድግዳው ከምን ተሠራ? በጭቃ፣ በኖራ ወይስ በሲሚንቶ ተያያዘ? ከመጋጠሚያው የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ቤተ ሙከራ ሄዶ የአሸዋውን መጠንና የማያያዣውን ዓይነት ሊናገር ይችላል። ናሙናውን ከማይታይ ቦታ ይውሰዱ፤ ጥበቃው ጥብቅ ከሆነ ናሙና ለመውሰድም አስቀድመው ይጠይቁ። የድሮ ቀለም እርሳስ (መርዛማውን ብረት)፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የሆነ የጣሪያ ወይም የቱቦ ቁስ ደግሞ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ቃጫ) ሊኖረው ስለሚችል ከመፋቅና ከመቁረጥ በፊት ያስመርምሩ።

4. የሕንፃውን ጠቀሜታ በሁለት ገጽ ይጻፉ

ታሪክ መተረክ አይደለም የሚፈለገው። ማን እንደኖረበት የሚያትት ረጅም ጽሑፍ ስለ ኮርኒሱ ምንም ካላለ አይጠቅምም። የትኛው ክፍል መቼ እንደተሠራ በፕላኑ ላይ በቀለም ይለዩ፦ የመጀመሪያው ግንባታ፣ በኋላ የተጨመረው፣ በቅርቡ የተነካካው። ከዚያ ለእያንዳንዱ "ከፍተኛ"፣ "መጠነኛ"፣ "ዝቅተኛ" የሚል ደረጃና አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይስጡ።

እዚህ የተለመደ ስሕተት አለ። ባለቤቱ በኋላ የተጨመረውን ሁሉ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ "ወደ ጥንቱ እመልሰዋለሁ" ይላል። በ1964 የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር፣ ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥገና መርሕ ሰነድ፣ የየዘመኑ አስተዋጽኦ መከበር እንዳለበት ይናገራል፤ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበትም ይደነግጋል። የብዙ አገር ደንብ ከዚህ የተቀዳ ነው። ፎቶ፣ ንድፍ ወይም ግድግዳው ላይ የቀረ ምልክት ሳይኖር "ድሮ በረንዳ ነበረው" ብሎ በረንዳ መጠየቅ ውጤቱ የታወቀ ነው።

5. ንድፉ ከማለቁ በፊት ያማክሩ

ከገምጋሚው ባለሙያ ጋር የሚደረገው ቅድመ ውይይት ረጅም ወራትን ያተርፋል። ይዘው የሚሄዱት የመዘገቡትን ማስረጃና በእጅ የተሳለ ረቂቅ ነው፤ ያለቀለት ውድ ንድፍ ይዞ የሄደ ሰው ለመከራከር እንጂ ለመጠየቅ አይሄድም። "ይፈቀዳል?" ብለው አይጠይቁ፤ ማንም በቃል አይመልስልዎትም። "ከእነዚህ ሁለት አማራጮች የትኛው ያነሰ ጉዳት አለው? ውሳኔው የባለሙያው ነው ወይስ የኮሚቴ? ምን ናሙና ትፈልጋላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። የተባለውን በዚያው ቀን ጽፈው በኢሜይል ይላኩላቸው።

6. ንድፉን ከትንሹ ይጀምሩ

በ1979 የወጣው የአውስትራሊያ የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ የቡራ ቻርተር፣ ሐሳብ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብዙ ግን የሚቻለውን ያህል ጥቂት መለወጥ፣ በሥራ ላይ ሲውል ቅደም ተከተል ይሆናል፦ መተው፣ መጠገን፣ በከፊል መተካት፣ ሙሉ በሙሉ መተካት፣ በመጨረሻም አዲስ መጨመር። ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመሄድ የፊተኛው ለምን እንዳልሠራ መጻፍ አለበት።

*መስኮት።* ባለ ሁለት መስታወት ይግባ የሚለው ጥያቄ በጣም የተለመደ ነው። መስታወት በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለአንድ ካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 3 ሚሊ ሜትር የሆነው አሮጌ መስታወት 7.5 ኪሎ ነው፤ ሁለት 4 ሚሊ ሜትር መስታወት ግን 20 ኪሎ። ያ ክብደት በቀጫጭን የእንጨት መከፋፈያዎች ላይ ሲያርፍ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ማጠፊያው ይዘምማል። ውፍረቱን ለማስገባትም እንጨቱ ተቦርቡሮ ይቀጥናል ወይም በወፍራም ይተካል፤ ያኔ የመስኮቱ መልክ ይለወጣል። በውስጥ በኩል የሚገጠም ተነቃይ ሁለተኛ መስኮት ብርድንም ድምፅንም ይቀንሳል፣ ነባሩን አይነካም፣ ሲፈለግ ይነሳል። ፈቃዱም ይቀላል።

*ግድግዳ።* ያለ ጥርጥር ብዙ ሕንፃ ያበላሸው ሲሚንቶ ነው። በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ እርጥበት ያስገባል፣ በመጋጠሚያው በኩልም መልሶ ያስወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲሞላ ውኃው መውጫ አጥቶ በጡቡ ወይም በድንጋዩ ገጽ በኩል ይወጣል፤ ይዞት የመጣው ጨው ከገጹ ሥር እየጠጠረ ይገፋዋል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሚንቶው ጎልቶ ጡቡ ጎድጉዶ ይታያል። በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ ከኋላው ይጠራቀማል፣ የግድግዳው እግር ይርሳል። ከውጭ ሲያዩት ግን ልስኑ ደኅና ነው። ጠንካራ ሲሚንቶን ለማውጣት ሲሞከር የጡቡ ጠርዝ አብሮ ስለሚሰበር፣ ገምጋሚዎች ይህን ለውጥ የማይመለስ ይሉታል።

በማመልከቻው ውስጥ "በኖራ ይጠገናል" ማለት አይበቃም። እንዲህ ይጻፋል፦ የላላው ብቻ በመዶሻና በመሮ ይወጣል፣ ግራይንደር አይነካውም፤ ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ለ10 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ድብልቁ በቤተ ሙከራው ውጤት ይወሰናል (የተለመደው መነሻ በይዘት አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ፣ ደቃቁና ሸካራው የተመጣጠነ አሸዋ ነው)፤ ግንቡ ከመሞላቱ በፊት ይረጠባል፤ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይሠራም፤ ከተሞላ በኋላ ለተከታታይ ቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ኖራ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የእርጥበቱን ምንጭ ይፈልጉ። የተሰበረ አሸንዳ ወይም ከፍ ያለ የግቢ አፈር ሳይስተካከል የሚሠራ ልስን የማይረባ ወጪ ነው።

*አዲስ ክፍል መጨመር።* ከነባሩ ዝቅ ይበል፣ ከፊት ገጹ ወደ ኋላ ይሸሽ፣ የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ይሁን፣ መግቢያውም በነባር በር ወይም መስኮት ቀዳዳ በኩል ይሁን። አዲሱ ድሮ የተሠራ መስሎ እንዲያታልል አይጠበቅም፤ የቬኒስ ቻርተር የጎደለን የሚተካ አዲስ ሥራ ከጠቅላላው ጋር ተስማምቶ ከነባሩ ግን የሚለይ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ብዙ ገምጋሚም ለጭማሪ ያንኑ ይሻል። አንዳንድ የከተማ ደንብ ግን በተቃራኒው የነባሩን ዘይቤ ያዝዛል፤ ስለዚህ የአካባቢውን መመሪያ አንብበው እንጂ በመርሕ አይሟገቱ።

*መስመሮችና መስቀያዎች።* ቱቦና ገመድ በድሮ የጭስ ማውጫ፣ በወለል ሥር ወይም በግድግዳ ላይ በሚታይ መስመር ይሂድ እንጂ ልስን አይቦረቦር። ብሎን የሚገባው በመጋጠሚያ ላይ ነው፣ ድንጋዩ ላይ አይደለም፤ መጋጠሚያ በኖራ ይሞላል፣ የተበሳ ድንጋይ ግን ተበሳ ነው። ብረቱም የማይዝግ ይሁን። ተራ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋይ ይሰነጥቃል።

7. ማመልከቻውን ያሟሉ

ቅጹ በየቦታው ቢለያይም የሚቀርበው ተቀራራቢ ነው፦ የባለቤትነት ማስረጃ፣ የቦታ ካርታ፣ የነባሩና የሚታሰበው ንድፍ በአንድ ልኬት ጎን ለጎን፣ የሚነሳው በቀይ ምልክት የተደረገበት የማፍረሻ ንድፍ፣ የጠቀሜታ መግለጫው፣ የፎቶ መዝገቡ፣ የአሠራር መግለጫው፣ የቁስ ናሙና፣ የመሐንዲስ ሪፖርት (የሚሸከም ክፍል ከተነካ)። መሐንዲሱ የድሮ ግንባታ የሚያውቅ ይሁን፤ የአርማታ ሕንፃ ብቻ የሠራ ባለሙያ የእንጨት ወለልን በወረቀት ላይ "አይችልም" ብሎ በቀላሉ ይጥለዋል።

የጉዳት ሠንጠረዥ ቢጨምሩ ብዙ ይጠቅማል፤ ብዙ ቦታ አይጠየቅም፣ ግን ገምጋሚው ራሱ የሚያዘጋጀው እሱን ነው። በአንድ ዓምድ የሚነካው ክፍል፣ በሁለተኛው የሚጠፋው፣ በሦስተኛው ለምን ሌላ መንገድ እንደሌለ፣ በአራተኛው መመለስ መቻል አለመቻሉ ይጻፋል።

የግንባታ፣ የእሳትና የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ፈቃድ ለብቻ ይጠየቃል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። አደጋው የእሳት ክፍሉ ወፍራም አዲስ በር ሲያዝ የቅርስ ክፍሉ ነባሩን በር እንዳይነካ ሲከለክል ነው። ሁለቱን በአንድ ስብሰባ ያገናኙ፤ ነባሩን በር በእሳት ጊዜ በሚያብጥ ማሸጊያና በእሳት መከላከያ ቀለም ማጠናከር ብዙ ጊዜ የሚያስማማ መፍትሔ ነው።

8. ውሳኔውን በትክክል ያንብቡ

ውሳኔ ከሚመጣባቸው መልኮች በጣም የሚያሳስተው "በቅድመ ሁኔታ ተፈቅዷል" የሚለው ነው። ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሟሉ ናቸው፣ ለምሳሌ የ1 ሜትር በ1 ሜትር የግንብ ናሙና ሠርቶ ማጸደቅ። እሱ በጽሑፍ ሳይጸድቅ የተጀመረ ሥራ እንዳልተፈቀደ ይቆጠራል። ሌሎቹ በሥራው ወቅት የሚጠበቁ ናቸው። ሁለቱንም ለይተው ለሥራ ተቋራጩ በውሉ ውስጥ ያስገቡለት።

ከተከለከሉ ምክንያቱን ቁጥር በቁጥር ያውጡ። ክልከላው አንድን ክፍል ብቻ የሚመለከት ከሆነ እሱን ቀንሶ መመለስ ከይግባኝ ይፈጥናል። ይግባኝ ካሉ የጊዜ ገደቡን ይጠብቁ፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ 6 ወር ነው። "ወጪው ከበደኝ" የሚለው መከራከሪያ ብቻውን አይበቃም፤ የጥገናና የመተኪያ ዋጋ በተለያዩ ባለሙያዎች ተሰልቶ ጎን ለጎን መቅረብ አለበት። ሆን ብሎ ጣሪያውን ሳይጠግን ትቶ በኋላ "ፈርሷል እኮ" ማለትም አይሠራም፤ ብዙ ደንብ ባለቤቱን በቸልተኝነት ይጠይቀዋል።

9. ሥራው ሲጀመር

የጸደቀው ንድፍ ማኅተሙ ያለበት ቅጂ በቦታው ይቀመጥ። የሚነሳ በር፣ መስኮት፣ የወለል ጣውላ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ቁጥር ይለጠፍበት፣ በደረቅ ቦታ ይደርደር። ብዙ ነገር የሚጠፋው በማፍረሻው የመጀመሪያ ቀን፣ ቆሻሻ ጠራጊዎች የሚቀመጠውንና የሚጣለውን ሳያውቁ ሲጭኑት ነው። ስለዚህ የሚቀመጠው ላይ በአንድ ቀለም ምልክት ያድርጉ።

ከልስን ሥር ሥዕል፣ የተደፈነ በር ወይም የበሰበሰ ወራጅ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ያንን ቦታ ብቻ ያቁሙ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ባለሙያውን ይጥሩ፣ ማሻሻያ በጽሑፍ ይጠይቁ። "ትንሽ ለውጥ ነው" ብሎ ማለፍ ሙሉ ፈቃዱን ያበላሻል፤ በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ የተመዘገበ ሕንፃ መለወጥ እስከ 2 ዓመት እስራት የሚያደርስ ወንጀል ነው።

ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፤ እዚያው እንግሊዝ አገር አብዛኛውን ጊዜ በ3 ዓመት ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ ይቃጠላል። ሲጨርሱ የመጨረሻ ምርመራ ያስደርጉና የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይቀበሉ። ፈቃዱን፣ የናሙና ማጽደቂያውን፣ የድብልቁን መጠንና በሥራው ወቅት የተነሱትን ፎቶዎች በአንድ ፋይል ያስቀምጡ። ቤቱ ሲሸጥ ገዢው ይህን ፋይል ሊጠይቅ ይገባል፤ በአንዳንድ አገር ያለ ፈቃድ የተሠራን ነገር ወደ ቦታው እንዲመልስ የሚታዘዘው የሠራው ሳይሆን ቤቱን በዚያ ጊዜ የያዘው ሰው ነው፣ ለትእዛዙም የዓመት ገደብ የለውም።